አርባ አራተኛው ችካል

እናቴ ነፍስ ያለው ነገር አትቆጥርም ነበር። ስንት ልጆች አሉሽ ሲሏት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ትላለች። ላሞችሽ ስንት ናቸው ሲሏት ደግሞ «ቡሬ አለች፣ ዳለቻ አለች፣ ያቺ ቀንዷ የተሰበረው አለች» እያለች በመልካቸው ትጠራቸዋለች እንጂ ቁጥር ከአፏ አይወጣም። በጉብላ ሁሉም እንዲሁ ነበር፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አንድ ቀን ጣቴን ቀስሬ ጫጩቶች ስቆጥር አግኝታኝ እጄን በአርጩሜ ለበለበችው። የዚያኑ ዕለት ጭልፊት አንዷን ጫጩት ነጠቃት። ከዚያ በኋላ ሌላ መካሪ አላስፈለገኝም።

ይህን ያስቀደምኩት በ1951 ዓ.ም. መጋቢት ላይ የፈራሁትን ፍርሃት ሰው እንዳይስቅበት ብዬ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወርቅአየሁ እርጉዝ ነበረች፤ ቀኗ ገብቷል፣ እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ገርጥቷል። ቁጥር ይዘው የሚዞሩት ሰዎች ወደ መንደራችን የመጡትም በዚያው ሰሞን ነው።

ጉብላ ከዘንገና ሐይቅ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ናት። ከኋላዋ ቀርከሃ አለ፣ ከፊቷ በበጋም ውሃው የማይደርቅ ጨፌ። ጨፌውን ተሻግረው ያሉትን «ማዶዎች» እንላቸዋለን። ያን ጊዜ ማዶ ማለት ሰባት ስምንት ጎጆና አንድ ትልቅ ዋርካ ብቻ ነበር። ገበያው የኛ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ ማዶዎቹ እህላቸውን በፈረስ ጭነው፣ ጭቃውን እየዳከሩ ወደ እኛ ይወጡ ነበር። ይህን አሁን ስናገር የወንድሜ ልጆች አያምኑኝም።

ሰዎቹ አራት ነበሩ። መኪናቸው ጨፌውን መሻገር ስላልቻለች ከዋርካው ሥር ትተዋት በእግር ይመጣሉ። አንደኛው ፈረንጅ ነው፤ ሦስት እግር ባለው መነጽር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ያየውን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ለማንም አይናገርም። አንዱ ቀይና ነጭ የተቀባ ዘንግ ይዞ ይቆማል። አንዱ ችካል ይመታል። አራተኛው ነጋ ይባላል፤ ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ካኪ የለበሰ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው። ችካሉ መሬት በገባ ቁጥር ነጋ ቁጥሩን ጮኾ ይጠራል፤ ፈረንጁም ይጽፋል። የችካሎቹ ጫፍ ደም የመሰለ ቀለም ተቀብቷል።

መጀመሪያ የሰማሁት ቁጥር አርባ አንድ ነው። ያን የተከሉት ጎረቤታችን አያ ውዱ ደጅ፣ ከማጀታቸው በስተጀርባ ነበር። አያ ውዱ ወጥተው ቆመው አዩና ተመልሰው ገቡ።

በዚያ ምሽት ከራት በፊት ጭቃ ሹማችን አያ አዝመራውና ጎረቤታችን አየነው ቤታችን መጡ። እኔ እናቴ እግር ሥር ተቀምጬ እግሯን በቅቤ አሻለሁ። አባቴ ደሴ ሲፈራ ወደ አገውኛ የሚመለስ ሰው ነው። ያን ምሽት በአገውኛ ነበር የሚናገረው።

«መንገድ ነው ይላሉ» አለ አባቴ።

«መንገድ መሆኑን ማን አየ? እኔ ያየሁት ገመድ ሲዘረጋ ነው» አሉ አያ አዝመራው። «ገመድ ከተዘረጋ ቃላድ ነው። ቃላድ ከገባ ደግሞ ርስትህ ካንተ ጋር አይደለም።»

«መንገድ ከሆነስ ቁጥሩ ምን ይሠራል?» አለ አየነው።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቁጥሩ ወረቀት ላይ የሰፈረበት ደጅ አበቃለት።»

አሁን ሳስበው ንግግራቸው ግልጽ ነው። ቃላድ መሬት የሚለኩበት ገመድ ነው። ገመዱ የገባበት ባላገር መሬቱ ተቆራርጦ ግብሩ እንደበዛበት ከሌላ አገር ይሰሙ ነበር፤ የጎጃም ሰው ደግሞ ርስቱ ሲለካ ከማየት ዱር መግባት ይቀለዋል። የፈሩት ለመሬታቸው ነው። እኔ ግን የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ደጁ የገባበት አበቃለት።

በሦስተኛው ቀን አያ ውዱ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ስለ ደግነታቸው አወራ እንጂ ስለ ችካሉ ያነሳ የለም። እኔ ግን የሴቶቹን ቀሚስ እየገፋሁ አልፌ አየሁት፤ ከማጀቱ በስተጀርባ ቀይ ጫፉን አሹሎ ቆሟል። አያ ውዱ ሁለት ክረምት ሙሉ ደም ሲተፉ እንደነበር የተነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ለልጅ ማን እንዲህ ያለ ነገር ይነግራል።

አርባ ሁለተኛው ባዶ ሜዳ ላይ ተተከለ፤ እዚያ የሚሞት አልነበረም። አርባ ሦስተኛው የአየነው በር ላይ ዋለ። በማግሥቱ የአየነው ዳማ ፈረስ የፍልፈል ጉድጓድ ረግጦ እግሩን ተሰብሮ ሞተ። እኛ ዘንድ ፈረስ ሲሞት እንደ ሰው ነው የሚያስለቅስ፤ አየነው ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ ጭንቅላቱን በጋቢ ሸፍኖ አለቀሰ። አባቴ ሊያጽናናው ሄደ። እኔ ከአጥራችን ኋላ ቆሜ ቀጥሎ ያለው ቤት የማን እንደሆነ አሰብኩ። የኛ ነበር።

አርብ ጠዋት መጡ። ከጓሯችን ቀርከሃ ውስጥ ገቡ፣ መነጽራቸውን አቆሙ። ከዚያ ቦታ እስከ እናቴ መኝታ ድረስ ስድስት እርምጃ ነው፤ እኔ ረግጬ አውቀዋለሁ። እናቴ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ወጣች።

«ምንድን ነው የምትተክሉብን?» አለች።

ነጋ ባርኔጣውን አወለቀ። «መንገድ ነው እሜቴ። ከዚህ መኪና ያልፋል። ሲያምዎት ግማሽ ቀን ሳይሞላ ዳንግላ ሐኪም ቤት ያደርስዎታል።»

«እኔን ምንም አላመመኝም» አለች እናቴ።

«አይመምዎ። እንደው ቢያምዎ ብዬ ነው።»

መዶሻው አራት ጊዜ ወረደ። ነጋ አንገቱን ቀና አድርጎ «አርባ አራት» ሲል ቀርከሃው ሁሉ የተቀበለው መሰለኝ። ፈረንጁ ጻፈ። እናቴ አማተበችና ተመልሳ ገብታ ተኛች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

እሁድ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄደ። እናቴ ስለከበዳት ቀረች፣ እኔም እሷን ልጠብቅ ቀረሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት ወጣሁ። ችካሉን ስይዘው የነካሁት ሞትን ነው ብዬ ነበር የማስበው። ወዲያና ወዲህ አነቃነቅሁት፣ በእግሬ ደበደብሁት፣ በጥርሴም ልነክሰው ምንም አልቀረኝ። መጨረሻ ላይ ተነቀለና በጀርባዬ ወደቅሁ።

አሁን ወዴት ይወሰድ? ጨፌው ውስጥ ልጥለው አሰብሁ፤ ቁጥሩ ግን ወረቀት ላይ ሰፍሯል፤ ደጅ ካጣ ወደ ጻፉበት ደጅ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። አንድ ደጅ መስጠት ነበረብኝ። መንደሩን ቤት በቤት አሰብኩት። እዚያ ልጆች አሉ፣ እዚያ ሙሽራ አለች፣ እዚያ እኔን የምትወደኝ አክስቴ አለች። ሐሳቤ እትዬ ሽታዬ ላይ ሲደርስ ቆመ።

እትዬ ሽታዬ የመንደሩ አዋላጅ ነበሩ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ጥርሳቸው አልቋል። ሰላም ሲሏቸው «አለሁ፣ ሞት ረስቶኝ» ይላሉ ሁልጊዜ። እንግዲህ እሳቸው ራሳቸው ረስቶኝ ካሉ፣ ባስታውሰው ምን ክፋት አለው? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ችካሉን በቀሚሴ ጠቅልዬ ሄድኩና ከአጥራቸው ውስጥ፣ ከጎመናቸው አጠገብ ተከልኩት። በድንጋይ ስመታው ድምፁ እንዳይሰማ ብጣሽ ጨርቅ አኖርኩበት። ስጨርስ ሮጬ እናቴ አጠገብ ተኛሁ። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ የእትዬ ሽታዬ ድድ ትዝ አለኝና በጋቢው ውስጥ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ነጋና ፈረንጁ ተመልሰው መጡ። አርባ አራተኛውን ፈልገው አጡት። ነጋ አባቴን ጠየቀው፤ አባቴ «አላየሁም» አለ፤ እውነቱን ነበር። ረቡዕ ጠዋት የወረዳው ሹም ሦስት ፖሊሶች አስከትለው በበቅሎ ደረሱና አውጫጭኝ ጠሩ።

አውጫጭኝ ምን እንደሆነ የዛሬ ልጆች አያውቁም። የጠፋ ነገር ሲኖር የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይከተታል፤ ዙሪያውን በእሾህ ይታጠራል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም አይወጣም። እህል የለም፣ ውሃ የለም። ወንዱ ሁሉ ገባ፣ ቄሱም ገቡ። አባቴ ሲገባ ወደ ኋላው ዞሮ ቤቱን አየ። እናቴን ሌሊት ምጥ ጀምሯት ነበር።

እስከ እኩለ ቀን ሴቶች እየተቀባበሉ «ማርያም፣ ማርያም» አሉ። እኔን ከበሩ ውጭ አስቀመጡኝ። ድምፅዋን እሰማለሁ፣ ከዚያ ይጠፋል፣ ሲጠፋ ይብሳል። ችካሉ ከደጃችን ተነስቶ ሳለ ይህ ለምን እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም። ምናልባት ጉድጓዱን አልደፈንኩት ይሆናል ብዬ ሄጄ በእጄ አፈር ሞላሁበት።

እትዬ ሽታዬ ወጡ። እጃቸው እስከ ክንዳቸው ቅቤና ደም ነበር። ጎንበስ ብለው ዓይኔን አዩኝ።

«ልጁ ተጋድሟል፣ አምሳለ። በኔ እጅ የሚሆን አይደለም። ሩጪና ለአባትሽ ቃሬዛ ይዘው ይምጡ በዪ። ዳንግላ ካልደረሰች አትተርፍም።»

ሮጥኩ። ከሜዳው ስደርስ ወንዶቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሹሙ ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ናቸው። በእሾሁ አጥር ላይ ቆሜ «አባዬ፣ እናቴ ልትሞት ነው። ቃሬዛ ብለዋል እትዬ ሽታዬ» አልኩ።

አባቴ ተነሳ። ፖሊሱ በጠመንጃው ሰደፍ መለሰው።

«በሕግ አምላክ፣ ጌታዬ» አለ አባቴ። «ሚስቴን ላድርስና እመለሳለሁ። ቤቴን ከነከብቴ ዋስ ጠርቻለሁ።»

«ሚስት የሌለው አለ እዚህ?» አሉ ሹሙ። «ቃሬዛ ስምንት ሰው ይፈልጋል፤ ስምንት ሰው ለቅቄ ማንን ልይዝ ነው? የንጉሥን ችካል የነቀለውን አውጣና ሂድ። ጓሮህ ውስጥ የነበረ ነው፤ የነቀለውን አንተ ታውቀዋለህ።»

አባቴ አየነውን አየው። አየነው መሬት መሬቱን አየ። በኋላ እንደሰማሁት ሁሉም ሌላውን ነበር የሚጠረጥር። አየነው አባቴ ነው የነቀለው ብሎ ሊሸፍነው ዝም አለ፤ አባቴ አያ አዝመራው ናቸው ብሎ ዝም አለ። ሁሉም ወንድሙን ላለማውጣት ምላሱን ነክሶ ተቀምጧል። አንዲት የምታውቅ ሰው ነበረች፤ እሷም ከአጥሩ ውጭ ቆማለች።

አፌን ከፈትኩ። ዛሬም ድረስ እምላለሁ፣ ከፍቼዋለሁ። ቃሉ ግን አልወጣም። ጠመንጃውን አየሁ፣ ሹሙን አየሁ፣ የአባቴን ፊት አየሁና አፌን መልሼ ዘጋሁ። እናቴ እየሞተች እኔ ለራሴ ፈራሁ። ከፈራሁት ሁሉ የማፍርበት ይኼ ነው።

ከኋላዬ ሰው ገፍቶኝ አለፈ። እትዬ ሽታዬ ነበሩ። ችካሉን በትከሻቸው ተሸክመዋል፤ እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም።

«ይኸው እንጨታችሁ» አሉና ሹሙ እግር ሥር ጣሉት። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። ለማገዶ ይሆናል ብዬ ነው፤ እርጥብ ሆኖ አስቸገረኝ። በሉ ወንዶቹን ልቀቁልኝ።»

ሹሙ ይታሰሩ አሉ። ነጋ ወደ ፊት መጣ።

«እኔ ዋሳቸው ነኝ» አለ። «አዋላጇ እሳቸው ናቸው፤ ከበሽተኛዋ ሊለዩ አይችሉም። መኪናው ከጨፌው ማዶ ቆሟል። እስከዚያ ካደረሳችኋት ዳንግላ እንወስዳታለን።»

ቀርከሃ ቆርጠው ቃሬዛውን ሲያስሩ ከስድብ ይልቅ ጸሎት ነበር የሚሰማው። እናቴን ሲያወጧት ዓይኗ ነጭ ነጩ ብቻ ይታይ ነበር። ስምንቱ ተሸከሟት። አንደኛውን ማዕዘን ነጋ ያዘው፤ ያ ቁጥር የሚጠራው ሰው እናቴን በትከሻው ይዞ ሲሄድ አየሁ። እየቆጠረ ሊወስዳት ነው ብዬ እየጮህኩ ተከተልኩ። ማንም አልሰማኝም።

የጨፌው ውሃ ከዘንገና በኩል የሚመጣ ነው፤ በበጋም አጥንት ይበላል። ወንዶቹ እስከ ወገባቸው ገቡ። እትዬ ሽታዬ ከቃሬዛው ጎን ሆነው፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ፣ አንድ እጃቸው ከእናቴ ሆድ ሳይለይ ሄዱ። መሃል ላይ ጭቃው ያዛቸው፤ ቆሙ፤ ከዚያ እንደገና ተንቀሳቀሱ። እኔ አየነው ጀርባ ላይ ነበርኩ። ከዚያ ጨፌ ለመውጣት የፈጀብንን ጊዜ ያህል ረጅም ነገር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ያቺ መኪና በሕይወቴ ያየኋት የመጀመሪያዋ መኪና ናት። ጮኸች፣ ጭስ አወጣች፣ ከኋላ በሯን ከፍታ እናቴን ዋጠቻት። አባቴ ገባ፣ ነጋ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ለእትዬ ሽታዬ ቦታ አልነበረም። እርጥብ ቀሚሳቸው ላያቸው ላይ ተጣብቆ ዋርካው ሥር ቀሩ፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። እጄን ያዙኝና ጨፌውን መልሰው ተሻገሩ። ሌላ መንገድ አልነበረማ።

በአምስተኛው ቀን ወሬ መጣ። እናቴ ተርፋለች፤ ልጁም ተርፏል፤ ወንድ ነው፣ ሀብቱ ተብሏል። መንደሩ እልል አለ። እኔ ግን እልልታው ሳያልቅ ወደ እትዬ ሽታዬ ቤት ሮጥኩ፤ ሳል ጀምሯቸው እንደነበር ሰምቼ ነበርና።

የአጃ ሙቅ ይዤ ገባሁ። እሳት ዳር ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ይጮኻል።

«ማርያም ማረቻት?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ተመስገን። ነይ ቅረቢ።» ሙቁን ተቀበሉኝ። «አይቼሽ ነበር፣ እሁድ ለት። ሰው ሁሉ ቅዳሴ የሄደ መስሎሽ ነበር፤ እኔ ወገቤን አሞኝ ቀርቼ ነበር። ምን ነክቷት ነው ይቺ ልጅ ጎመኔን የምትቸክል አልኩ።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ወደድኩ። ወለሉ ላይ ተደፍቼ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አያ ውዱን፣ ፈረሱን፣ ወረቀቱን።

«እሺ፣ ከዚህ ሁሉ ቤት ለምን የኔን መረጥሽ?»

«አርጅተዋል ብዬ» አልኩ።

ሳቁ። ሳሉ እስኪያፍናቸው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። «ያረጀ ይቅደም። ስለ ችካሉ ግን እኔ ነኝ የነቀልኩት፤ አንቺ የምታውቂው ነገር የለም። ገባሽ?»

በዘጠነኛው ቀን አረፉ። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ ቁጥሩን አውቀው ተቀበሉልኝ፣ በእናቴ ፈንታ ሄዱ፤ ገዳያቸውም እኔ ነኝ። ይህን ይዤ ዓመታት ኖርኩ። እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ በነካኝ ቁጥር የማን እጅ እንደሆነ አስብ ነበር።

ዳንግላ ዘመድ ዘንድ ተልኬ ተማርኩ። አዋላጅ ነርስ ሆንኩ፤ ለምን ይህን እንደመረጥኩ የሚጠይቅ ያለ አይመስለኝም። አንድ የቅዳሜ ገበያ ቀን ከሐኪም ቤቱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ከጋሪ ሲወርዱ ድምፃቸውን ሰማሁና ደነገጥኩ። ጋሼ ነጋ ነበሩ፤ ጡረታ ወጥተው እዚያው ከተማ ኖረዋል። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ያን ችካል የነቀልኩት እኔ እንደሆንኩም ነገርኳቸው፤ ለሕያው ሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «አንድ ችካል መልሶ ለመምታት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ፈረንጁ ቦታውን በወረቀት ይዞታል። መንገዱን ያዞረው እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ማመልከቻ ነዋ። አዋላጇ በሞቱ በሳምንቱ የጉብላ ሰው ርስታችን ላይ ገመድ አይዘርጋብን ብሎ አመለከተ። የማዶ ሰዎች ደግሞ በኛ በኩል ይለፍልን ብለው መጡ። ጨፌውን መሙላትም ወጪ ነበር። አለቆቻችን አንድ ከሰዓት ተነጋገሩና መስመሩን ወደ ማዶ ሳቡት።»

«ማን ማን ፈረመ?»

«የመጀመሪያው ጣት የአዝመራው ነው። ሁለተኛው የአባትሽ» አሉ።

አባቴ ሚስቱንና ልጁን ያተረፈችለትን መኪና መንገድ እምቢ ብሎ በጣቱ ፈረመ። እርጅናው ላይ ጠየቅሁት። «መኪናውን አይደለም እምቢ ያልኩት፣ ገመዱን ነው» አለኝ፣ በአገውኛ። እኔም ፈርቼ ነበር፣ እሱም ፈርቶ ነበር። ልዩነታችን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ መሆኔ ነው።

መንገዱ በማዶ በኩል አለፈ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፣ በኋላ አስፋልት ሆነ። ከዋርካው ሥር አንድ ሻይ ቤት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ወፍጮ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤት። እነ አዲስ ቅዳምና እንጅባራ ሲያድጉ መንገዱ ዳር ያለው ሁሉ ከነሱ ጋር አደገ። የሐሙስ ገበያችን አንድ ክረምት ሳሳ፣ በሁለተኛው ክረምት ማዶ ሄደ፣ አልተመለሰም። አሁን የጉብላ ልጃገረዶች ከሰል ተሸክመው ያንኑ ጨፌ እየዳከሩ ማዶ ይወርዳሉ። እትዬ ሽታዬን የገደለው የኔ ቁጥር ሳይሆን የጨፌው ብርድ እንደሆነ ሙያዬ አስተምሮኛል። ከሳቸው በኋላም ጨፌው ሥራውን አላቆመም። እስከ ጡረታዬ ድረስ ከጉብላ በቃሬዛ የመጡትን እናቶች መዝገብ ላይ ጽፌያለሁ። ስንቶቹ ዘግይተው እንደደረሱ አውቃለሁ፤ ግን ከአፌ አይወጣም፤ የእናቴ ልጅ ነኝ።

ጡረታ ስወጣ ወደ አባቴ ቤት ተመለስኩ። የምኖረው ከወንድሜ ከሀብቱ ልጅና ከልጁ ሚስት ከዘውድነሽ ጋር ነው፤ የምተኛው በድሮው ክፍል፣ እናቴ ትተኛበት በነበረው ነው። ባለፈው ጥር ውሾቹ ጮኹና ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ ሱሪ የለበሰች ወጣት መሐንዲስ ሦስት እግር ባለው መሣሪያ አንድ ዓይኗን ጨፍና ታያለች። ጨፌውን ተሻግሮ ከአስፋልቱ የሚያገናኝ መንገድ ጉብላ ሊገባ ነው። አብሯት ያለው ልጅ ችካል መታ፤ ጫፉ ቀይ ነው። «ሰባት» አለች፣ ጮክ ብላ።

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፣ ስንት ልጅ በእጄ ተቀብያለሁ፣ መንገድ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ዞሬ ዘውድነሽን አየኋት፤ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ። እጄ ሳላዘው ወደ ችካሉ ሄደና ቀዩን ጫፍ ያዘ።

«እማማ፣ ደነገጡ?» አለች መሐንዲሷ። «ይቅርታ፣ መስመሩ ቤትዎን ይነካል፤ ይህ የድሮው ክፍል መፍረሱ አይቀርም። ካልፈለጉ ትንሽ ላዞረው እችላለሁ። እዚያ ጋ ያለው ቦታ ባዶ ነው፣ ቀርከሃ ብቻ ነው ያለው። ነቅለን እዚያ እንትከለው?»

በጣቷ ያመለከተችው የእትዬ ሽታዬ ጎመን የነበረበትን ነው።

ፈርቻለሁ፤ አፌም እንደዚያን ጊዜው ሊዘጋብኝ ነበር። ከዚያ ድንጋይ አነሳሁና አናቱን ሁለት ጊዜ መታሁት፤ ጠለቅ ብሎ ገባ።

«ከዚህ አይነቃነቅ ልጄ» አልኳት። «ያረጀ ይቅደም።»